አሥራ ሁለተኛዋ ዱቄት

ዛሬ ጠዋት ስነቃ እህቴ ቁም ሣጥን ውስጥ ገብታ ንግግር ታደርግ ነበር። አባባ ደግሞ ነጭ ሸሚዙን ለብሶ፣ ከወገቡ በላይ ቁም ሣጥኑ ውስጥ፣ ከወገቡ በታች አልጋዬ ጫፍ ላይ ሆኖ ያዳምጣታል። ብርሃን እንዳይገባ በሩን በብርድ ልብሴ ጋርደውታል፤ እኔ በብርድ የነቃሁት እንግዲህ ለሳይንስ ስል ነው። ቤታችን ሁለት ክፍል ነው። የፊተኛው የአባባ የስፌት መኪናና ያልተጠናቀቀ የሰው ሱሪ የሞላበት፣ የኋለኛው እኔና እህቴ የምንተኛበት። መጋረጃችን ከመሳሳቱ የተነሳ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ክፍሉ ወገግ ብሎ ይነጋል። እህቴ የምታሳየው ነገር ግን ድቅድቅ ጨለማ ይፈልጋል፤ ቤታችን ውስጥ ደግሞ ከቁም ሣጥኑ በቀር ጨለማ የለም። እማዬ የጠዋት ተረኛ ሆና ቀድማ ስለወጣች ይህን ጉድ አላየችም።

የምታሳየው አንዲት ቢጫ ዱቄት ናት። እህቴ ሁለተኛ ዲግሪዋን ለመያዝ ሁለት ዓመት ሙሉ ዩኒቨርሲቲው ላብራቶሪ ውስጥ አንዱን ፈሳሽ ካንዱ ጋር እያፈላች፣ እያጣራች፣ እያደረቀች ኖራለች። ኦርጋኒክ ውህድ ነው የሚሉት፤ በእኔ ዓይን ወጥ ሠሪነት ነው፣ ልዩነቱ አለመቀመሱ ነው። እስካሁን አሥራ አንድ ዓይነት ዱቄት ሠራች። አልኮል ውስጥ አሟሙታ ሐምራዊ የእጅ መብራቷን ስታበራባቸው አሥራ አንዱም ድንጋይ ሆኑባት፤ መብራት ሲያርፍባቸው መልሰው ማብራት ነበረባቸው። አሥራ ሁለተኛዋ ግን ከሦስት ሳምንት በፊት ሰማያዊ ሆና ቦግ አለች። የዚያን ቀን እህቴ እቤት ስትገባ ጫማዋን ሳታወልቅ አልጋ ላይ ቁጭ ብላ ፊቷን በትራስ ይዛ አለቀሰች። አባባ ሰው የሞተ መስሎት መቀሱን ጣለ። ዛሬ ስምንት ሰዓት ላይ ይህችኑ ዱቄት ይዛ ሦስት ፈታኞች ፊት ትቆማለች። ካለፈች አንድ የምርምር ተቋም ይቀጥራታል፤ ደብዳቤው መጥቷል፣ ዲግሪሽን እስከ ወሩ መጨረሻ ይዘሽ ነይ፣ ካለዚያ ቦታው ለሌላ ይሰጣል ይላል። አባባ ደብዳቤውን የደንበኞቹን ደረት እየለካ በቃሉ ያነበንብላቸዋል።

«እኔም እኮ አበራለሁ» አለ አባባ ከቁም ሣጥኑ ውስጥ። ድምፁ የተደሰተ ሕፃን ይመስላል። እኔም ጭንቅላቴን በሁለቱ መሃል አስገባሁ። እውነቱን ነው። እህቴ መብራቱን ወደሱ ስታዞረው የሸሚዙ ኮሌታና እጅጌው ቦግ ብሎ፣ ቁልፎቹ ብቻ ጥቁር ሆነው ቀሩ። አንድ እጇ ላይ ያለው ብልቃጥም ያንኑ ሰማያዊ ያበራል። ያንኑ። እህቴ ሳቀች። የልብስ ዱቄት ሳሙና የሚሠሩ ሰዎች ነጩ ይበልጥ ነጭ እንዲመስል የሚያበራ ውህድ ይጨምሩበታል፣ ልብሱ ላይ ተጣብቆ ይቀራል፣ እሱም የኔ ዱቄት የሩቅ ዘመድ ነው አለችው። አባባ እንግዲያው አማቾች ነን ብሎ ቀለደ። ሁለቱ ሲሳሳቁ እኔ ግን ውሃ ሆንኩ። ምክንያቱም ያንን ሸሚዝ ያጠብኩት እኔ ነኝ፣ ብልቃጡንም ያጠብኩት እኔ ነኝ፣ የሁለቱም ሳሙና አንድ ነው።

ሥራዬ ይኸው ነው። ሰባተኛ ክፍል ላይ እኔና ትምህርት ቤት ተሰለቻችተን ከተለያየን ወዲህ እዚያው ላብራቶሪ፣ እኛ ላብ በምንለው፣ የብርጭቆ አጣቢ ነኝ። ፍላስክ፣ ቱቦ፣ ብልቃጥ፣ ማፍሊያ፣ ማጥለያ፣ ሲቆሽሽ ወደኔ ይመጣል፣ ሲጸዳ ይሄዳል። የላቡ ሳሙና ሽታም ቀለምም የሌለው ፈሳሽ ነው፤ በቢጫ ጀሪካን ይመጣል። ከሦስት ሳምንት በፊት ጀሪካኑ አለቀ። ዕቃ ግምጃ ቤቱን የሚይዘው ጋሼ ቁልፍ ነው፤ ይህን ስም ያወጣሁለት እኔ ነኝ፣ ሲራመድ ቁልፉ ከሱ ቀድሞ ስለሚሰማ። ሳሙና አልቋል ስለው መጠየቂያውን መሙላት ረስቷል፣ እስኪመጣ ከቤትሽ የሆነ ነገር አምጪ አለኝ። የሆነ ነገር አመጣሁ። አባባን አንድ ከረጢት ዱቄት ሳሙና ለምኜ በላስቲክ ይዤ ሄድኩ። ብርጭቆው እንዴት እንዳንጸባረቀ ብታዩ፤ እኔ እንኳ ኮርቼበት ነበር።

ታዲያ እዚያው ቁም ሣጥኑ በር ላይ ለምን አልተናገርሽም ትሉኝ ይሆናል። እርግጠኛ አልነበርኩማ። ሰባተኛ ክፍል ላይ ያቆመች ልጅ፣ ፈተናዋ ስምንት ሰዓት ላይ የሆነን ሰው፣ ገና ፀጉሯን ሳታበጥር፣ ሁለት ዓመት የለፋሽበት ነገር የልብስ ሳሙና ነው ልትል አትችልም። ደግሞ እውነቱን ለመናገር ፈራሁ። አባባ ሻይ ቀዳልን። እህቴ ሻይዋን ስትጠጣ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ንግግሯን ታጠናለች። እኔ ዳቦዬን እየቆረስኩ ሳሙና ማስቀመጫውን አየዋለሁ። አባባ ምነው ፌንጣ ዛሬ ዝም አልሽ አለኝ። ፌንጣ የሚለኝ ስለማልረጋ ነው። በብርድ ነው የነቃሁት አልኩት፤ ውሸት አልነበረም።

አውቶቡስ ውስጥ ሁለታችንም ቆመን ሄድን። እህቴ በተዋሰችው ተረከዛም ጫማ ሰው እግር ላይ እንዳትቆም ትጠነቀቃለች። አንድ ጊዜ ሳታየኝ እጄን ያዘችኝ፤ እጇ በረዶ ነበር። ልናገር አፌን ከፈትኩና ትኬት ቆራጩ መልስ ሊሰጠኝ ደረሰ። ከዚያ ወረድን። እሷ ወደ ቤተ መጻሕፍት ሄዳ ልታጠና፣ እኔ ወደ ላብ።

ላቡ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ረጅም ክፍል ነው፤ መሃሉ ላይ ጥቁር ጠረጴዛ፣ ዳር ዳሩን መስኮት፣ ጥግ ላይ የእኔ መታጠቢያ ገንዳ ከነማድረቂያ መደርደሪያው። ግድግዳው ላይ እህቴ የአሥራ ሁለተኛዋን ስዕሎች ለጥፋለች። ማሽኑ ብርሃኑን እየለካ የሚያወጣው መስመር ነው፤ ከታች ተነስቶ እንደ ተራራ ይወጣና ይወርዳል። ከሥሩ ቀኑ አለ። ተራራዎቹ አንድ ዓይነት ቁመት የላቸውም። እህቴ ማሽኑ አመለኛ ስለሆነ ነው ትላለች። ዛሬ ግን ጋውኔን ሳልለብስ ፊታቸው ቆሜ ቀኖቹን አነበብኩ። ረጃጅሞቹ ሁለቱ አርብ ናቸው። አርብ አርብ እኔ አውቶቡስ እንዳያመልጠኝ ስለምጣደፍ ብርጭቆውን ሁለቴ ብቻ ነው የማለቀልቀው። በሌላው ቀን ሦስቴ። የእህቴ የዓለም ትልቁ ግኝት፣ የእኔ ስንፍና ቁመት ነው።

እንግዲህ እኔ መንካት የተፈቀደልኝ የቆሸሸውን ብቻ ነው። ቢሆንም ጋውኔን ለበስኩና ዓይኔን በጨው አጥቤ ሁለት ብልቃጥ አነሳሁ፤ አንዱን እኔ ያጠብኩት ካለበት መደርደሪያ፣ አንዱን ገና ካልተከፈተ ካርቶን። ሁለቱም ውስጥ ንጹሕ አልኮል ሞላሁ። ዱቄት የለ፣ ምን የለ፣ አልኮል ብቻ። ስጣደፍ ግማሹ ጋውኔ ላይ ፈሰሰ። ከዚያ ሐምራዊ መብራት ያለበት የመመልከቻ ጥቁር ሣጥን ውስጥ አስገብቼ መብራቱን አበራሁና በቀዳዳው አጮለቅሁ። አዲሱ ጥቁር ነው፣ እንደ ጉድጓድ ውሃ። እኔ ያጠብኩት ሰማያዊ ነው። ዘግቼ ቦታቸውን ለዋውጬ ደግሜ አየሁ። ሰማያዊው ከብልቃጡ ጋር ቦታ ለወጠ። ሦስተኛ ማየት አላስፈለገኝም፣ ግን አየሁ።

ስዞር ጋሼ ቁልፍ ከኋላዬ ቆሟል። ለካ ቁልፉን በእጁ ጨብጦት ነው ያልሰማሁት። ምን እንደማደርግ ጠየቀኝና ነገርኩት። እሱም በቀዳዳው አጮለቀ፣ ረጅም ጊዜ። ከዚያ ወንበር ስቦ ተቀመጠና ጡረታ ለመውጣት ስምንት ወር እንደቀረው ነገረኝ። መጠየቂያውን ያልሞላው እሱ፣ ሳሙናውን ያመጣሁት እኔ፤ ይህ ነገር ከወጣ የመጀመሪያዎቹ ተባራሪዎች እነማን እንደሆኑ ለማወቅ ዲግሪ አያስፈልግም አለ። ፈታኞቹ ወረቀት ነው የሚያዩት፣ ማንም ሐምራዊ መብራት ይዞ አይመጣም። ልጅቷ ትለፍ፣ ሥራዋን ትያዝ፣ ስህተቱን በኋላ ራሷ ታገኘዋለች፤ ያኔ ቀስ ብላ ታስተካክለዋለች አለኝ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ምሳውን ሳያካፍለኝ በልቶ አያውቅም። ያለውም ነገር ጆሮ ላይ ይጥማል። አንድ ሰዓት ያህል ጣመኝ፤ እየጣመኝም ፍላስክ አጠብኩ፣ ያለ ሳሙና፣ በባዶ ውሃ።

ከዚያ እህቴ ስትገባ ሁሉ ነገር ተበላሸ። ለሰባት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ላይ መጣች፣ ፀጉሯን ተሠርታ፣ የራሷ የማይመስል ኮት ለብሳ። አባባ የሠራላት ነው፤ ትከሻው ላይ ሁለት ሌሊት የፈጀበት ኮት። እኔ ገንዳ ጋ መጥታ ሰው አለመኖሩን አየችና በጆሮዬ፣ ፌንጣዬ፣ ዛሬ ካለፍኩ አንቺን ማታ ትምህርት ቤት አስገባሻለሁ፣ ክፍያውንም ጠይቄያለሁ አለችኝ። ማን ለምኖሽ ብዬ ልቀልድ ነበር። አልቻልኩም። ከፊቷ ዝም ብዬ ብቆም ከዚህ በኋላ በየቀኑ ዝም እያልኩ እንደምኖር ታወቀኝ።

«እታለም፣ የአንቺን ብልቃጦች የማጥባቸው በአባባ ሸሚዝ ሳሙና ነው» አልኳት።

መጀመሪያ ሳቀች፣ የተለመደው ቀልዴ መስሏት። ከዚያ ፊቴን አየች። ሳቋ ቀስ ብሎ ወረደ። አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ጠየቀችኝ፣ ከሦስት ሳምንት በፊት ጀምሮ አልኳት። ስንት ጊዜ እንደማለቀልቅ ጠየቀችኝ። ሦስቴ፣ አርብ ሁለቴ አልኳት። አንገቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ስዕሎቹን አንድ በአንድ አየች። አርብ ላይ ስትደርስ ዓይኗ ቆመ።

ከዚያ በኋላ ያደረገችውን እንዴት እንደምነግራችሁ አላውቅም፤ ኮቷን አወለቀች፣ እጅጌዋን ሰበሰበች፣ ጓንት አጠለቀች፣ በቃ። ማሽኑ ሁለት አራት ማዕዘን ብርጭቆዎች አሉት፤ ጣት የሚያህሉ ናቸው፣ የአንዷ ዋጋ የእኔ ስድስት ወር ደሞዝ ነው። በአንዷ የሚለካው ዱቄቱ ያለበት አልኮል ነው፤ ይህችኛዋ በየቀኑ ወደኔ ትመጣለች፣ እታጠባለሁ ትላለች። ሌላዋ ቀይ ነጥብ ያለባት ናት፤ ባዶ አልኮል ብቻ ስለሚገባባት ሁልጊዜ እዚያው ተቀምጣ ነው የምትኖረው፣ ሳሙና ነክቷት አያውቅም። ማሽኑ ሁለቱን ያወዳድራል። እህቴ ሁለቱን መዳፏ ላይ አድርጋ አየቻቸውና፣ ሁለት ዓመት ሙሉ አንዴ እንኳ ሁለቱን አለዋውጬ አልሞከርኩም አለች። ለኔ አልነበረም የምትናገረው። የኔዋን በአሲድ አጠብናት፣ ከዚያ በአልኮል ሰባት ጊዜ። እሷ ትይዛለች፣ እኔ አፈሳለሁ። ቆጠራውን የያዝኩት እኔ ነኝ፤ ስድስት ላይ ይበቃል ስትለኝ ሰባት አልኳት።

ከዚያ ከአሥራ ሁለተኛዋ ዱቄት ቆንጥራ አዲስ ብልቃጥ ውስጥ አሟሟችና ለካች። ማሽኑ አጉረመረመ፣ መስመሩ ከግራ ተነሳ፣ ወደ ቀኝ ሄደ። አልወጣም። አልወረደም። እንደ ተኛ ገመድ። እንደገና ለካች፣ ያው። ጥቁሩ ሣጥን ውስጥ አስገባችው፣ ጥቁር። ጋሼ ቁልፍ በሩ ላይ ቆሞ ሁሉንም አይቷል። ለኔ ያለኝን ለሷም በትሕትና ደገመላት፤ ልጄ፣ ወረቀቱ እኮ ተባዝቷል፣ ግቢና ጨርሺው፣ ሌላው ነገ ይደርሳል አላት። እሷ የተኛውን መስመር አተመች፣ ወረቀቱን አጥፋ ኮቷ ኪስ ውስጥ ከተተች፣ ፊቷን በእኔ ገንዳ ታጠበች። ሰዓቱ ሰባት ተኩል አልፎ ነበር።

እኔ የፈተናው አዳራሽ ውስጥ መግባት አልተፈቀደልኝም፣ ግን በሩ ሙሉ በሙሉ አይዘጋም፤ በክፍተቱ እያየሁ ጆሮዬን ቀስሬ ቆምኩ። ሦስቱ ፈታኞች ከፊት፣ መካከለኛው አማካሪዋ ፕሮፌሰር ነው። አባባ የመጨረሻው ረድፍ ላይ፣ ነጭ ሸሚዙን ለብሶ፣ እጆቹ ጉልበቱ ላይ። እህቴ ስለ አሥራ አንዱ ዱቄቶች ተናገረች፣ እንዴት እንደሠራቻቸው፣ ለምን እንዳላበሩ። ድምጿ ደህና ነበር። አሥራ ሁለተኛዋ ላይ ስትደርስ ከኪሷ የታጠፈውን ወረቀት አወጣች። እጃችሁ ላይ ያለው ምዕራፍ አራት ስህተት ነው፣ ያየሁት ብርሃን የዱቄቱ ሳይሆን ዕቃው የታጠበበት የልብስ ሳሙና ነው፣ ይህን ያረጋገጥኩት ከአንድ ሰዓት በፊት ነው አለች። አባባ ዙሪያውን አየ፣ ከዚያ የሸሚዙን እጅጌ ቀስ ብሎ ወደ ኮቱ ውስጥ ገፋው።

ፕሮፌሰሩ ፊቱ ቀልቶ ነበር፤ ምዕራፍ አራትን እሱም ፈርሞበታል። ለመሆኑ እዚህ ቤት ዕቃ በልብስ ሳሙና የሚያጥብ ማነው፣ እንዲህ ዓይነት ሰው እንዴት ላብ ይገባል፣ ዛሬውኑ ይሰናበት አለ። እህቴ ቀስ ብላ መለሰችለት።

«ያጠበችው እህቴ ናት፤ የተሰጣትን ነው ያጠበችበት። ስህተቱን ያገኘችውም እሷ ናት። ባዶውን አልኮል በዚያው ብርጭቆ መለካት የነበረብኝ እኔ ነኝ።»

ከዚያ በኋላ ብዙ ተነጋገሩ፣ ግማሹ አልገባኝም። ከዳር ያለችው ሴት ፈታኝ ሳሙናው ለምን እንዳለቀ ጠየቀች፤ ጋሼ ቁልፍ ተጠርቶ ገባ፣ ተንተባተበ፣ ወጣ። ስለኔ መባረር ድጋሚ ያነሳ አልነበረም፤ ጋሼ ቁልፍ ብቻ ዛሬውኑ ሳሙና ይገዛ ተባለ። ለእህቴ ግን አላለፍሽም አሏት። ከስድስት ወር በኋላ ምዕራፍ አራትን አስተካክላ ትመለስ። ስድስት ወርና የወሩ መጨረሻ እንደማይገናኙ ለመቁጠር ጣቴ አላስፈለገኝም። ሁሉም ሲነሳ አባባ አጨበጨበ። የተባለው አልገባውም፤ ያለቀ መስሎት ነው። ብቻውን አራት አምስት ጊዜ አጨብጭቦ ማንም እንዳልተከተለው ሲያይ እጆቹን ምን እንደሚያደርጋቸው ጠፋበት። ኮሪደር ላይ ስንገናኝ ምን ሆነ ብሎ እኔን ጠየቀኝ፣ እሷን አልደፈረም። ነገርኩት። ኮቱስ ትከሻው ላይ እንዴት ነበር አለኝ። ቀጥ ብሎ ነበር አልኩት። ደንበኛ ይጠብቀኛል ብሎ ደረጃውን ወረደ። ማንም እንደማይጠብቀው አውቃለሁ።

ላብ ስመለስ እህቴ ጠረጴዛዋ ላይ ናት፣ መዝገቧ ፊቷ ተከፍቶ። እያንዳንዱን ቀን የሠራችውን የምትጽፍበት ወፍራም ደብተር ነው። ለመቅደድ የተዘጋጀች መስሎኝ ቆሻሻ መጣያውን አቀረብኩላት። ሳቅ አለች፣ ትንሽ። እዚህ ደብተር ላይ ገጽ አይቀደድም፣ አይጠፋምም አለችኝ። የተሳሳተ ነገር ላይ አንድ ቀጭን መስመር ብቻ ይሰመራል፣ ከሥሩ ያለው እንዲነበብ፤ ቀን ይጻፋል፣ የሠራው ይፈርማል፣ ያየ ሰው ደግሞ ምስክር ሆኖ ይፈርማል። ከሦስት ሳምንት ወዲህ ያለው ዘጠኝ ገጽ ነው። ማስመሪያ አስደግፋ ከጥግ እስከ ጥግ አሰመረች፣ ፈረመች፣ እስክሪብቶውን ሰጠችኝ።

ደሞዝ ስቀበል ስሜን ነው የምጽፈው፤ ፊርማ ኖሮኝ አያውቅም። ፕሮፌሰሩ ይፈርም አልኳት። እሱ አላየም፣ አንቺ ነሽ ያየሽው አለች። ቁጭ ብዬ እዚያው ፊርማ ፈጠርኩ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ስሜ ተጨናንቆ ወጣ። ሁለተኛው ላይ ጭራ አበጀሁለት። አምስተኛው ላይ ጭራው ከመስመሩ አምልጦ ቁጥሮቹ ላይ ወጣ፤ ዘጠነኛው ላይ ስደርስ የሚኒስትር መሰለ። እህቴ ገጾቹን አገላብጣ አየቻቸው። አንዱም ካንዱ አይመሳሰልም።

«ዘጠኝ ሰው ያየው ነው የሚመስለው» አለች።

ከዚያ ዓይኗን በእጅጌዋ ጠረገችና አሥረኛውን ገጽ ገለጠች። የዛሬን ቀን ጻፈች። ጠዋት በሁለቱ ብልቃጦች ያደረግሽውን ከመጀመሪያው ንገሪኝ፣ ሳትቸኩዪ አለችኝ። ነገርኳት። አንዱን ከመደርደሪያ፣ አንዱን ከካርቶን ማንሳቴን፣ አልኮሉ ጋውኔ ላይ መፍሰሱን፣ ቦታቸውን መለዋወጤን፣ ሦስቴ ማየቴን። ልክ እንደነገርኳት ጻፈችው፤ ሠሪ በሚለው ቦታ ላይ የኔን ስም አስገባችና፣ ምስክር በሚለው ላይ እሷ ፈረመች።